የጣና ዳር መናፈሻ ባዶ ነው ላልከው ወንድሜ፣ መልስ አለኝ

ሰሞኑን ስለ ባሕር ዳር የሐይቅ ዳር መናፈሻ፣ ማለትም ማንጎ ስለሚባለው ቦታና ከሱ ግራና ቀኝ ስላለው ዳርቻ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሰው ሁሉ ሲቀባበለው ነበር፣ እኔም ጋ ደረሰና ደጋግሜ አነበብኩት። ባጭሩ የሚለው እንዲህ ነው፤ ቦታው ዛፍና ወንበር ብቻ ነው፣ ታሪክም የለው መዝናኛም የለው፣ ስለዚህ ዳር ዳሩን የያዘው ደንገልና ቄጠማ ተመንጥሮ አሸዋ ይልበስና የመዋኛ ዳርቻ ይሁን፣ እንደ እንጦጦ ፓርክ ዘመናዊ መጫወቻ ይተከልበት፣ ዙሪያው ታጥሮ መግቢያ ይከፈልበት፣ ያኔ ንጹህም ይሆናል ቱሪስትም ይጎርፋል። ጸሐፊው ከተማዋን እንደሚወዳት ከአጻጻፉ ያስታውቃል፣ ስለ ቆሻሻው የተናገረውም እውነት ነው፣ እሱን ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ። ሌላው ላይ ግን አልስማማም፣ ደሞ እዚህ የተባለው ነገር አንዴ ከተሠራ በኋላ ተሳስተናል ብሎ መመለስ ስለማይቻል ነው ዝም ማለት የከበደኝ።

ታሪክ የለውም ከሚለው ልጀምር። ወንድማለም ታሪክ ስትል ግንብና ሐውልት እየፈለግክ ይመስለኛል፣ ባሕር ዳር ግን እንደ ጎንደር በነገሥታት ግንብ ዙሪያ ያደገች ከተማ አይደለችም። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የነበረች ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች፣ ከተማ ያደረጋት የሃምሳዎቹ ዘመን ነው። በ1953 ዓ.ም ጣልያን በጦር ካሳ በከፈለው ገንዘብ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተከፈተ፣ በ1955 በሶቪየት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከተለ፣ በዛው ሰሞን ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ የከተማ ፕላን ባለሙያ ማስተር ፕላን ሠራላት። ዛሬ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቃቸው ሰፋፊ መንገዶች የዛ ዘመን ልጆች ናቸው። ዋና ከተማው ወደዚህ ሊዛወር ነበር የሚለውን ወሬ የከተማው ሽማግሌዎች አሁንም ያነሱታል፣ ጃንሆይም ቤዛዊት ኮረብታ ላይ አባይን ቁልቁል የሚያይ ቤተ መንግሥት አሠርተዋል።

ይሄ ሁሉ ከመናፈሻው ጋር ምን አገናኘው? ቤዛዊት የጃንሆይ ነበር። ሐይቁ ዳር ግን የሕዝቡ ነበር። ፋብሪካ ሺፍት የሚገባው ሠራተኛ፣ ከጎጃም ገጠር ለትምህርት የመጣው የፖሊ ተማሪ፣ ቅዳሜ ገበያ የወጣው ገበሬ ከተማው ውስጥ ሳይከፍልና ማነህ ሳይባል የሚቀመጥበት ቦታ ቢኖር የውሃው ዳር ነው። አባቶቻችን እናቶቻችንን እዛ ዛፍ ስር ነው ያነጋገሩት፣ ይሄን ስል ለማሳመር አይደለም፣ የባሕር ዳር ልጅ ከሆንክ ቤትህ ያለውን የድሮ ፎቶ አልበም አውጣና እይ፣ ከጀርባ ወይ ዘንባባ ወይ ሐይቅ የሌለበት ፎቶ ብዙ አታገኝም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2002 ለባሕር ዳር የሰላም ከተሞች ሽልማት ሲሰጣት ፈጣን የከተማ እድገትን ተቋቁማ ለኑሮ የምትመች ሆና በመገኘቷ ነው፣ ለኑሮ የምትመች የሚያሰኛት ደግሞ በኔ እምነት ከምንም በላይ ይሄ ዳርቻ ነው። የአንድ ከተማ ሕዝብ ከስልሳ አመት በላይ የኖረበት ቦታ ታሪክ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

መዝናኛ የለውም የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የጽሑፉ ዋና ስህተት እዚህ ጋ ነው። ጸሐፊው መዝናኛ ብሎ የቆጠረው በኤሌክትሪክ የሚሽከረከረውንና ትኬት የሚቆረጥለትን ብቻ ነው። እስቲ አንድ እሁድ ጠዋት ማንጎ ሂድና ሰው ምን እንደሚያደርግ ተመልከት። ጠዋት ሐይቁ ረጋ ያለ ነው፣ ነፋሱ የሚነሳው ከሰአት ነው፣ ለዛ ነው ጀልባ መሄድ የሚፈልግ ሁሉ በጊዜ የሚመጣው። ዘጌ የሚባለው ባሕረ ገብ መሬት ድረስ በሞተር ጀልባ አንድ ሰአት ገደማ ነው፣ እዛ የቡና ጫካው ውስጥ በእግር ሄደህ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ትሳለማለህ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አይተህ ትመለሳለህ። ክብራን ገብርኤል የሚባለው የደሴት ገዳም ሴት አይገባም፣ ስለዚህ ቤተሰብ ይዞ የመጣ ሰው ወደ ዘጌ ቢሄድ ይሻለዋል፣ ይሄን አንዳንድ ጀልባ ነጂ ቀድሞ አይናገርም። ገንዘብም ጊዜም የሌለው ደግሞ ደብረ ማርያም የሚባለው ደሴት አለለት፣ ቅርብ ነው፣ እግረ መንገዱን አባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ያያል፣ እድሉ ከቀናው ጉማሬ ጆሮውንና አፍንጫውን ብቻ ብቅ አድርጎ ሲተነፍስ ይሰማል። በየትኛው ከተማ ነው ሻይ ከጠጣህበት ወንበር ተነስተህ በትንሽ ደቂቃ ጉማሬ የምታየው?

ጀልባ የማይሳፈረውም ቢሆን ሥራ ፈቶ አይቀመጥም። አሳ የሚታረድበት ጋ ሄደህ ቁም፣ ሰውየው ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ሆዱን ከፍቶ ሆድ ዕቃውን ወደ ውሃው ወርወር ሲያደርግ ፔሊካኖቹ ያን ትልቅ ከረጢት የመሰለ አፋቸውን ከፍተው ይሻማሉ፣ ሕፃናት ከዚህ የበለጠ የሚስቁበት ነገር አላየሁም፣ አባትየው አንገቱ ላይ ተሸክሟቸው እነሱ ያቺ ወሰደችበት ያቺ ወሰደችበት እያሉ ይጮሀሉ። ከዛ አሳው ተጠብሶ በዳጣና በሎሚ ይመጣል። ከሰአት በኋላ ሙሽሮች ይመጣሉ፣ ሚዜው፣ ካሜራው፣ ጭፈራው፣ የማታውቀው ሰው ሰርግ ላይ ቆመህ ታጨበጭባለህ ማንም ማነህ አይልህም። ተማሪው ፈተና ሲደርስ ደብተሩን ይዞ ዛፍ ስር ይተኛል። ብስክሌት የሚነዳ አለ፣ ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት እንደልብ ነው። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ጀበናዋን ጥዳ ጨዋታ ታደምቃለች። ይሄ ሁሉ መዝናኛ ካልሆነ መዝናናት ማለት ምን እንደሆነ ይነገረኝ።

ታንኳውንማ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሳውም። የደንገል ታንኳ ሲሠራ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ባዶ ቦታ የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው የሙያው ባለቤቶች፣ ሐይቁ ዳር ለዘመናት የኖሩ ናቸው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ ከዛ እቅፍ እቅፍ እየተደረገ በጉልበት እየተጫነ በገመድ ጥብቅ ብሎ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቆለመማል፣ ሚስማር የለ ሙጫ የለ። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ስለዚህ ከጉዞ መልስ ጎትተው ያወጡትና ፀሐይ ላይ ያቆሙታል፣ እንዲያም ሆኖ ብዙ አይቆይም፣ ሌላ ይሠራል። በዚህ ነው ከዘጌ እንጨት ተጭኖ በቀርከሃ እየተቀዘፈ ባሕር ዳር ድረስ የሚመጣው። እኔ የመናፈሻው ኃላፊ ብሆን መጀመሪያ የማደርገው ለነዚህ ሰዎች ጥላ ያለው የመሥሪያ ቦታ መስጠትና እንግዳ እየከፈላቸው እንዲያይና እንዲማር ማድረግ ነው፣ ገንዘቡ በቀጥታ ለባለሙያው የሚደርስበት መዝናኛ ማለት ይሄ ነው።

እንጦጦ ፓርክ ጋር የተደረገው ንጽጽር ላይ ብዙ አልልም። እንጦጦ ጥሩ ነው፣ በ2013 ከተከፈተ ጀምሮ ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ግን ተራራ ላይ ነው፣ ሐይቅ የለውም፣ ሰፊ ደን ውስጥ የተሠራ ስለሆነ ብዙ ነገር ብትተክልበት ቦታው ይችለዋል። የኛ ዳርቻ ጠባብ ነው፣ አንዱን ማሽን ስታቆም አንድ ዋርካ ትቆርጣለህ ወይ የሐይቁን እይታ ትዘጋለህ። ደግሞ ሰው እንጦጦ የሚወጣውም እኮ ግማሹ ለዛፉና ለአየሩ ነው።

ወደ መዋኛው ልምጣ፣ ይሄኛው አደገኛ ስለሆነ በደንብ መነገር አለበት። ጸሐፊው ደንገሉ ተነስቶ አሸዋ ቢፈስ ሕዝቡ እንደ ባሕር ዳርቻ ይዋኛል ብሏል። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ይሄ የጤና ባለሙያ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጥገኛው ትል እንቁላሉ ከታመመ ሰው ሰገራ ጋር ይወጣል፣ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ዳር የሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል፣ ከዛ በአይን የማይታይ ሆኖ ይወጣና ውሃው ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ ላይ ተለጥፎ ይገባል፣ ለዚህ ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ከዛ አንጀትና ጉበት ነው መኖሪያው። ፕራዚኳንቴል የሚባል ኪኒን አለ፣ ያድናል፣ ግን ድነህ ተመልሰህ ውሃው ውስጥ ከገባህ እንደገና ይይዝሃል። ልጆች እኮ አሁንም ይዋኛሉ ትለኝ ይሆናል፣ አዎ ይዋኛሉ፣ ይታመማሉም፣ የከተማው አስተዳደር አሸዋ አልብሶ ሰሌዳ ሰቅሎ ኑ ዋኙ ሲል ግን ሌላ ነገር ነው፣ ከአዲስ አበባ የመጣ እናት ይሄን የተዘጋጀ ቦታ አምና ልጇን ትለቃለች። በዛ ላይ ጉማሬ አለ፣ ጉማሬ ሲመሽ ግጦሽ ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል፣ አሸዋ ይሁን ሣር አይለይም። ዋና ካስፈለገ፣ ማስፈለጉንም አልክድም፣ ውሃው የሚታከም ገንዳ ከሐይቁ ፈቀቅ ብሎ ይሠራ፣ ልጆችም በደንብ ዋና ይማሩበት።

ደንገሉ ይመንጠር የሚለው ደሞ ከሁሉ ያሳዘነኝ ነው። ጽሑፉ ደንገልን፣ ቄጠማንና እምቦጭን አንድ ላይ አረም ብሎ ጠቅልሏቸዋል። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፣ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፣ ውሃ ላይ እየተንሳፈፈ በነፋስ ይሄዳል፣ አሳውን አየር ያሳጣል፣ ጀልባ ያስራል፣ በብዛት የወረረው ደግሞ በሰሜንና በምሥራቅ በኩል ያለውን ዳርቻ፣ ደምቢያን፣ ሊቦ ከምከምን፣ ፎገራን ነው፣ የዛ ሕዝብ ወገቡን ታጥቆ በእጁ ሲነቅል እንደነበር ሁላችንም አይተናል። ደንገል ግን የሐይቁ የራሱ ነው። ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ከማሳና ከከተማ የሚወርደውን ደለል ያጣራል፣ ቆሮሶ የሚራባው እንዲህ ያለ ዕፅዋት ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ነው፣ ወፎቹ ጎጇቸውን የሚሠሩት እዛ ነው፣ ታንኳውም ከዛ ነው የሚወጣው። ደንገሉን ካነሳህ ፔሊካኑንም ቆሮሶውንም ታንኳውንም አብረህ ነው የምታነሳው፣ ከዛ በኋላ እውነትም ባዶ ይሆናል። ጣና እኮ በ2007 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ይሄ ለሰሌዳ ማሳመሪያ የተሰጠ ስም አይደለም፣ ዳርቻውን እንጠብቃለን ብለን የገባነው ቃል ነው። እይታ ከለከለ ለሚለው መፍትሔው ቀላል ነው፣ ደንገሉን ሳይነኩ ከፍ ያለ የእንጨት መሄጃ ወደ ውሃው ማስገባት፣ ሰው ከላይ ሆኖ ሐይቁንም ወፉንም ያያል።

አጥርና ክፍያ። ጸሐፊው ክፍያ ንጽህና ያመጣል ይላል፣ መግቢያው ትንሽ ከሆነ ማንንም አይጎዳም ይላል። ማንን እንደሚጎዳ ልንገርህ። ሆስፒታል በሽተኛ ይዞ የመጣ የአዴት ወይ የመራዊ ገበሬ አለ፣ አልጋ የሚከራይበት የለው፣ በሽተኛው እስኪታይለት ጋቢውን አንጥፎ ዛፍ ስር ጋደም ይላል፣ ከውሃው የሚመጣው ነፋስ ትንሽ ያሳርፈዋል። ይሄ ሰው ትንሽ የምትለውን ብር ለበሽተኛው ለዳቦና ለመድኃኒት ነው የቆጠበው። አንድ ቀን እንዲህ ያሉ አባት አጠገቤ ተቀምጠው ስለ ልጃቸው ነገሩኝ፣ ልጅየው ቀዶ ጥገና ገብቷል፣ «አባቶቼ ይሄን ውሃ በስም ብቻ ነው የሚያውቁት፣ እኔ እንኳ በክፉ ቀን መጥቼ አየሁት» አሉ፣ ከዛ ብዙ ሳያወሩ ሲያዩት ቆዩ። እንግዲህ በር ላይ ትኬት ቆራጭ ስታስቀምጥ መጀመሪያ የሚቀሩት እሳቸው ናቸው። ከሳቸው ቀጥሎ የቀን ሠራተኛው፣ ከዛ ተማሪው፣ ከዛ ጀበና ይዛ የምትመጣው ልጅ። በመጨረሻ ሆቴል ውስጥ መቀመጥ የሚችለው ብቻ ይቀራል፣ እሱማ ድሮም የሐይቅ እይታ ያለው በረንዳ አለው።

ገንዘብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ግን ሐይቁ ዳር የሚነግዱት ካፌዎች፣ የጀልባ ማኅበራት፣ የመኪና ማቆሚያው፣ በሰርግ ቀን የሚመጣው ባለ ካሜራ ሁሉ ገቢ የሚያገኙት ከዚህ ዳርቻ ነው፣ ከነሱ የሚሰበሰበው ኪራይና ግብር ላይ ይሄን ያህሉ ለመናፈሻው ጽዳትና ጥበቃ ነው ተብሎ ተለይቶ ቢቀመጥና ሰው እንዲያየው ቢለጠፍ አጥሩ አያስፈልግም። አሁን ኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ በየከተማው መንገድ ዳሩን ለእግረኛ እየከፈተ ባለበት ሰአት እኛ ሐይቁን እንጠር ማለታችንም ግራ ያጋባል። ግንቦት 2016 የተመረቀውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ተመልከት፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው ትልቅ ሥራ ነው፣ ግን ከመኪናው ጎን ሰው በእግሩ የሚሄድበትና ወንዙን እያየ የሚቆምበት ቦታ ስለተተወለት ነው ማታ ማታ ሰው የሚጎርፍበት፣ ማንም ትኬት አልጠየቀውም።

ቱሪስት ይጎርፋል የሚለው ላይ አንድ ነገር ብቻ። ቱሪስት ባሕር ዳር የሚመጣው ገዳማቱን፣ ሐይቁንና ጢስ አባይን ሊያይ ነው። የሚሽከረከር ወንበርና ሰው ሠራሽ አሸዋ በአገሩ ሞልቶታል።

አሁን ወደምንስማማበት። ቆሻሻው እውነት ነው፣ የፕላስቲክ ጠርሙሱ ደንገሉ ሥር ተጠራቅሞ ያስጠላል፣ ክረምት ሲሆን የከተማው የጎርፍ ቦይ ያገኘውን ሁሉ ጠርጎ ሐይቁ ውስጥ ነው የሚጨምረው፣ ስለዚህ ዳርቻውን ብቻ መጥረግ በቂ አይደለም፣ ቦዮቹ ወደ ሐይቁ ከመግባታቸው በፊት ማጣሪያ ወንፊት ያስፈልጋቸዋል፣ ወንፊቱም በየጊዜው የሚያጸዳው ሰው። ሽንት ቤት የለም ማለት ይቻላል፣ ያለውም አይገባበትም፣ ይሄ ለሴቶችና ለእናቶች ትልቅ በደል ነው፣ እንዲያውም ቢልሃርዚያው የሚሠራጨው በሰገራ መሆኑን ከላይ ተናግሬያለሁ፣ ስለዚህ ንጹህ ሽንት ቤት ከሁሉም መጫወቻ መቅደም አለበት። መብራት ሲመሽ ይጠፋል፣ ሴት ልጅ ከአስራ ሁለት ሰአት በኋላ ብቻዋን ለመሄድ ትፈራለች። ወንበሮቹ ተሰባብረዋል፣ አዛውንት መሬት ላይ መቀመጥ የለባቸውም። ያረጁት ዛፎች ቦታ አሁኑኑ ችግኝ ካልተተከለ ልጆቻችን ጥላ አያገኙም።

ጀልባውም ሥርዓት ይፈልጋል፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው የጻፈው ቅሬታ ትክክል ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ዋጋው ፊቱ እየታየ ነው የሚወሰነው፣ የሀገር ሰው ሌላ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ሌላ፣ ፈረንጅ ሌላ። የእያንዳንዱ ጉዞ ዋጋ በአማርኛ በግልጽ ተጽፎ መሳፈሪያው ላይ ይሰቀል፣ የመንሳፈፊያ ጃኬት ለሕፃን የሚሆነውም ጭምር በየጀልባው በተሳፋሪው ቁጥር ልክ ይኑር፣ ያልለበሰ አይሳፈር፣ ነፋስ በተነሳ ከሰአት ወደ ሩቅ ደሴት የሚወጣ ጀልባ የሚያስቆም አንድ ኃላፊነት ያለው ሰው መሳፈሪያው ላይ ይመደብ። ለዚህ ለዚህ ከሆነ ወንድማለም፣ አቤቱታውን ጻፈው፣ እኔም እፈርማለሁ፣ ሰፈሬንም አስፈርማለሁ።